ለቡናው ናሙና፣ ለፊት ቆዳው ግምት

ቦንጋ ላይ ቡና በዕውር ድንብር አይገዛም። ከጊምቦ ይምጣ ከዴቻ፣ ጆንያው ተወግቶ ናሙና ይወጣለታል፤ እርጥበቱ ይለካል፤ የተበላሸው ፍሬ ተለቅሞ ይቆጠራል። በምርት ገበያው የደረጃ አሰጣጥ መሠረት ከመቶው 40 ነጥብ ለጥሬው ፍሬ፣ 60 ነጥብ ደግሞ ተቆልቶና ተፈልቶ በሲኒ ለሚቀመሰው ጣዕም ይሰጣል። ደላላው ምንም ቢምል ቢገዘት፣ ገዢው ናሙናውን ሳያይ ብሩን አይቆጥርም። ሻጩም በዚህ አይቀየምም፤ የንግዱ ወግ ነውና።

ይኸው በናሙና የሚያምን ነጋዴ ግን ልጁን ጥር ላይ ሊድር ሲነሳና ልጅቱ "ፊቴን ላስጸዳ" ብላ ወደ ውበት ሳሎን ስትሄድ፣ አንድም ጥያቄ አያነሳም። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ስንት ከመቶ ነው? የሚቀባው ሰው ምን ተምሯል? ቢያቃጥልስ ማን ይጠየቃል? የሚጠየቀው "ስንት ነው?" ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን ለማስቀነስ እንጂ ለማወቅ አይደለም። ለአንድ ፈረሱላ ቡና የሚደረገው ጥንቃቄ ለሰው ፊት የማይደረግበት ምክንያት ምንድን ነው?

ጉዳዩ የሴቶች ዓምድ እንጂ የገበያ ገጽ ጉዳይ አይደለም የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት፣ ዕቃ የሚገባበት፣ ፈቃድ የሚጠየቅበትና ኪሳራ የሚደርስበት ሥራ ሁሉ የገበያ ጉዳይ ነው። ቦንጋ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች። ዩኒቨርሲቲ አላት። የመንግሥት ሠራተኛው፣ ተማሪውና እንግዳው ሲበረክት ሆቴሉ ይከተላል፤ ሆቴሉን ደግሞ ጸጉር ቤቱና የውበት ሳሎኑ ይከተሉታል። ነገሩም የሴቶች ብቻ አይደለም። ጢሙን ሲላጭ ብጉር የሚያስቸግረው ወንድም በጸጉር ቤት ወንበር ላይ "ስክራብ ልሥራልህ?" ሲባል እሺ ማለት ከጀመረ ሰነባብቷል።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

በአጭሩ ለመናገር፣ የላይኛውን ሙት ቆዳ የማንሳት ሥራ ነው። የቆዳ የላይኛው ሽፋን በ4 ሳምንት ገደማ ራሱን በራሱ ያድሳል። ተፈጥሮ ቀስ ብላ የምትሠራውን ይህን ሥራ ማፋጠን ነው እንግዲህ ንግዱ። ማፋጠኛውም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፍተጋ ሲሆን በስኳር፣ በጨው፣ በቡና አተላ፣ በሸካራ ጓንት ወይም በማሽን ይሠራል። ሁለተኛው በተለምዶ "ፒሊንግ" የሚባለው ሲሆን በአሲድ ይሠራል። ግላይኮሊክና ላክቲክ አሲድ፣ ለብጉር የሚመረጠው ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ጠንከር ያለው ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ፣ ከሁሉም የሚከፋው ፌኖል በዚህ ውስጥ ይመደባሉ።

ዋናው ልዩነት የአሲዱ ስም ሳይሆን የሚደርስበት ጥልቀት ነው። ቀላሉ ላይ ላዩን ብቻ ነክቶ ከጥቂት ቀን መላላጥ በኋላ ያልቃል። መካከለኛው ወደ ውስጠኛው ቆዳ ዘልቆ ፊትን ለአንድና ለሁለት ሳምንት ያቆስላል። ጥልቁ በፌኖል የሚሠራው ሲሆን የልብ አመታትን ሊያዛባ ስለሚችል የልብ መከታተያ መሣሪያ ባለበት በሐኪም እጅ ካልሆነ የማይሞከር ነው። ለጥቁር ቆዳማ ይህ የመጨረሻው በጥቅሉ አይመከርም።

ሥራው በራሱ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ቀላሉ ፒሊንግ በዕውቀት ሲሠራ ለብጉር፣ ብጉር ትቶት ለሚሄደው ጥቁረትና ለማዲያት ከሌላ ሕክምና ጋር ተደምሮ ይረዳል። ሐኪሞችም ያዙታል። ችግሩ ስሙ አንድ ሆኖ ዕቃው ብዙ በመሆኑ ላይ ነው። "ፌሻል" የሚል አንድ ቃል ከማር ቅባት ጀምሮ ቆዳ እስከሚያቃጥል አሲድ ድረስ ይሸፍናል። በቡናው ቋንቋ፣ አንደኛ ደረጃውና ደረጃ የማይወጣለት በአንድ ጆንያ ተሰፍተው ማለት ነው።

የጠቆረ ቆዳ ሒሳቡ ሌላ ነው

የኢትዮጵያዊ ቆዳ ቀለም የሚያመርቱ ሴሎቹ ንቁ ናቸው። ሲቃጠል፣ ሲቧጠጥ ወይም ሲቆጣ ራሱን ለመከላከል ቀለም ይጨምራል። ስለዚህ ጥቁረት ለማስለቀቅ የተቀባው አሲድ ከልክ ካለፈ ከቀድሞው የባሰ ጥቁረት ይተክላል፤ ይህም ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ጠባሳው የሚያብጥበት ሰው ደግሞ ሌላ ዕዳ ይጠብቀዋል።

ማዲያትን በተመለከተ እውነቱ መነገር አለበት። መነሻው እርግዝና፣ የወሊድ መከላከያ እንክብል፣ ፀሐይና የዘር ውርስ ሲሆን ሙቀትም ሊያባብሰው ይችላል። ተልጦ የሚጣል ቆሻሻ አይደለም። ይቀንሳል፣ ይደበዝዛል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይመለሳል። "በአንድ ቀን ጥርግ አደርገዋለሁ" የሚል ባለ ሳሎን፣ ያልተመረመረን ቡና "አንደኛ ደረጃ ነው" ብሎ ከሚምል ደላላ በምንም አይለይም።

የካፋ ወቅትም በዚህ ላይ የራሱን ችግር ይጨምራል። ቀይ እሸቱ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል። ገንዘብ በእጅ የሚገባው ያኔ ነው። ከዚያ በጥር ሠርጉ ይደረደራል። ስለዚህ ፊትን የማስላጡ ፍላጎት የሚያይለው ሰማዩ በጠራበትና ፀሐዩ በከረረበት ሰሞን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አዲስ የተላጠ ፊት ይዞ የቡና ማስጫ አልጋ አጠገብ መዋል ማለት ራሱን ጎጆ ያልሠራ ሰው ክረምትን በሜዳ እንዲያሳልፍ መፍረድ ነው። በዝናብ የታወቀው የካፋ ደመናም ዋስትና አይሆንም፤ ስስ ደመና ጨረሩን አብዝቶ ያሳልፋልና።

ሥራው የግድ ከተፈለገ ፀሐይ በሚቀንስበት በክረምት ተጀምሮ፣ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተሠራ፣ ከሠርጉ ብዙ ቀደም ብሎ ማለቅ ነበረበት። ነገር ግን ክረምት ላይ የካፋ ኪስ ባዶ ነው። ገንዘቡና ወቅቱ አይገጥሙም። በመሆኑም ሙሽራይቱ በሠርጓ ሳምንት ሮጣ ትመጣለች፤ ባለ ሳሎኗም ለመድረስ ስትል አሲዱን ታጠነክራለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የሠርጉ ፎቶግራፍ ሳይታጠብ ፊቱ ይጠቁራል።

ከአሲዱ በፊት የነበረው ቅባት

ብዙ ጊዜ የማይጠየቀው ትልቁ ጥያቄ ደንበኛዋ ከዚህ በፊት ምን ስትቀባ እንደነበር ነው። በየገበያው "ማንጫ" እየተባሉ ከሚቸረቸሩት ክሬሞች መካከል ሐኪም ብቻ ሊያዛቸው የሚገባቸው የስቴሮይድ ቅባቶች አሉ። እነዚህ ለሳምንታት ፊትን ያፈካሉ፤ ሲቆዩ ግን ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉር ያወጣሉ፣ ሲቋረጡ ያሳብጣሉ። በስቴሮይድ በሳሳ ቆዳ ላይ አሲድ ሲደፋ ላይ ላዩን ይቀራል የተባለው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሃይድሮኪኖን የተባለውም ቢሆን ያለ ሐኪም ክትትል ለረዥም ጊዜ ሲቀባ ሰማያዊ ቅልቅል ያለበት የማይለቅ ጥቁረት ያመጣል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2001 ከመዋቢያ ዕቃ ውስጥ ያስወጡት ያለ ነገር አይደለም። ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ከሁሉም ይብሳል፤ ኩላሊትን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 በሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነትም ሜርኩሪ ያለበትን መዋቢያ ከገበያ እንዲወጣ ወስኗል።

የአስመጪውን ወገን ታሪክም መርሳት አይገባም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ካገዳቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች ውስጥ ሽቶና ኮስሞቲክስ ይገኙበት ነበር። እገዳው የተነሳው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከምንዛሪ ሥርዓቱ ለውጥ ጋር ነው። በመካከሉ ባለፈው ጊዜ ፍላጎቱ አልታገደም፤ የታገደው ሕጋዊው መንገድ ነው። ሕጋዊው በር ሲዘጋ የሻንጣና የኮንትሮባንድ ንግድ እንደሚሰፋ ለነጋዴ ማስተማር አያስፈልግም። በሻንጣ የገባ ጠርሙስ ደግሞ አስመጪው አይታወቅም፤ ሲጎዳ የሚከሰስ የለም።

ገዢው የማያውቀው ገበያ

አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪናዎች ገበያ ባወጣው ጽሑፍ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን እያስወጣ እንደሚሄድ አሳይቶ ነበር። ለዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም አንድ ዋጋ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ ጥሩውን ማቅረብ አያዋጣም። ጥሩው ነጋዴ ይወጣል፤ መጥፎው ይቀራል።

የፊት ማስላጥ ገበያው ይህንኑ ይመስላል። የታወቀ መቶኛ ያለው አሲድ በሕጋዊ መንገድ ገዝታ፣ ጓንት ለብሳ፣ ከጆሮ ኋላ ሞክራ፣ ደንበኛዋን "ለዛሬ አይሆንሽም" ብላ የምትመልስ ባለሙያ ወጪዋ ከፍ ይላል። ጎረቤቷ ስም የሌለውን ጠርሙስ በግማሽ ዋጋ ትቀባለች። ገዢው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በዓይኑ አያየውም፤ የሚያየው ዋጋውን ብቻ ነው። የቡናው ገበያ ይህን በሽታ ያስታገሰው በናሙናና በደረጃ እንጂ በስብከት አልነበረም።

ሕጉስ? የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኮስሞቲክስንም በቁጥጥር ሥር አስገብቷል። ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ይሁንና የባለሥልጣኑ ዓይን ጠርሙሱ ላይ እንጂ ጠርሙሱን በያዘው እጅ ላይ አይደለም። የውበት ሳሎን የንግድ ፈቃድ ጸጉር ለመሥራት የተሰጠ እንጂ ቆዳ ለማከም የተሰጠ አይደለም። ወደ ውስጠኛው ቆዳ የሚዘልቅ አሲድ ሕክምና ነው፤ ሕክምና ደግሞ የጤና ፈቃድ ይጠይቃል። በንግድ ቢሮውና በጤና ቢሮው መካከል ባለው ክፍተት የሚወድቀው የደንበኛው ፊት ነው።

"ቁጥጥር ሲበዛ ትንንሾቹ ሳሎኖች ይዘጋሉ፤ ገበያው ራሱን ያርም" የሚል ክርክር ይነሳል። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ለአንዲት ወጣት የሥራ ዕድል የሆነች ትንሽ ሳሎን በሰነድ ብዛት መዘጋት የለባትም። ዳሩ ግን ገበያ ራሱን የሚያርመው ተጎጂው ሲናገርና ሌላው ሲሰማ ነው። ፊቷ የተቃጠለባት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ ቤቷ ትቀመጣለች እንጂ አደባባይ ወጥታ አትናገርም። ስለዚህ የገበያው ወሬ የተሳካላቸውን ብቻ ያሰማል። መፍትሔውም ሁሉንም መዝጋት ሳይሆን መስመሩን ማስመር ነው፦ ላይ ላዩን የሚቀረው ለሳሎን፣ ዘልቆ የሚገባው ለሐኪም። በአሜሪካ የመዋቢያ ግብዓቶችን የሚመረምር የባለሙያዎች ጉባኤ ይህንኑ መስመር በቁጥር አስምሮታል። ግላይኮሊክና ላክቲክ አሲድ በየቤቱ ለሚቀባ ዕቃ ከ10 ከመቶ፣ በሠለጠነ እጅ በሳሎን ለሚሠራው ደግሞ ከ30 ከመቶ እንዳይበልጥ ሲል መክሯል። የአሲዱ የኮምጣጤነት ልክና የፀሐይ መከላከያውም አብረው ተቀምጠዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ጠንካራ የፒሊንግ አሲዶችን ያለ ባለሙያ ክትትል ገዝቶ መጠቀም ለከባድ ቃጠሎና ጠባሳ እንደሚዳርግ አስጠንቅቋል። ቁጥጥሩ በረቀቀበት አገር እንዲህ ከተባለ ጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ በሌለበት ምን ሊባል ነው?

ደንበኛው የሚጠይቀው

ወንበሩ ላይ ከመቀመጥ በፊት እነዚህን መጠየቅ ነውር አይደለም፦

1ኛ. የአሲዱ ስምና መቶኛው ምንድን ነው? ጠርሙሱ ከነጽሑፉ ይታይ። ከሌላ ዕቃ ተገልብጦ የመጣ ከሆነ መነሳት ነው።

2ኛ. ከጆሮ ኋላ ወይም ከአገጭ ሥር ተሞክሮ ቀናት ይጠበቅለት ይሆን? ናሙና ማለት ይህ ነው።

3ኛ. ሲበዛ በምን ይመለሳል? ግላይኮሊክ አሲድ ማብረጃ ያስፈልገዋል፤ ደቂቃው በሰዓት ይያዛል። ፊት ላይ የሚወጣውን ነጭ ነገር "ቆሻሻው እየወጣ ነው" የሚል ሰው ሥራውን አያውቀውም። በጠንካራው አሲድ ነጩ የቆዳው ፕሮቲን መርጋቱ ነው።

4ኛ. ደንበኛውም ይናገር። እርግዝና፣ የሚያብጥ ጠባሳ፣ በከንፈር ላይ የሚመላለስ ምች፣ ለብጉር የሚዋጥ አይሶትሬቲኖይን፣ ለወራት የተቀባ "ማንጫ" ካለ መደበቅ ራስን መጉዳት ነው።

5ኛ. ከዚያ በኋላስ? የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ባርኔጣና ጥላ የሕክምናው አካል እንጂ ምርቃት አይደሉም። የቅባቱን ዋጋ መክፈል የማይችል ሰው ፒሊንጉንም አልቻለም ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ሎሚ ፊት ላይ ጨምቆ ፀሐይ ላይ መውጣትም እንደ ርካሽ አማራጭ መታየት የለበትም። የሎሚ ጭማቂና ፀሐይ ሲገናኙ ቆዳን ያቃጥላሉ፤ ጠባሳውም ይጠቁራል። ማዲያቱ ያስቸገረው ሰው በቦንጋ የገብረፃድቅ ሻዎ ሆስፒታል ታይቶ ቢያስፈልግ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ ከዚያም ካለፈ ወደ አዲስ አበባው አለርት ሊላክ ይችላል። ጅማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። የመኪናው ትኬት ከተቃጠለ ፊት ሕክምና ይረክሳል።

ለባለ ገንዘብ የሚሆን ወሬ

ይህ ሁሉ ሲባል ለኢንቨስተር የሚሆን ነገር የለም ማለት አይደለም። በዓለም ገበያ በስክራብ ውስጥ ይገቡ የነበሩ ጥቃቅን የፕላስቲክ ፍሬዎች እየታገዱ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ሕግ አወጣች፤ ብሪታኒያ በ2018 ሽያጩን ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ገደብ ጣለ። የእነርሱን ቦታ የሚይዘው የተፈጥሮ ፍሬ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ ቡና ነው። ፍራንክ ቦዲ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ሜልቦርን ላይ ሥራውን የጀመረው በቡና ስክራብ ነው። ሜልቦርን ደግሞ ቡና አታበቅልም።

የቡና መገኛ ነኝ የምትለው ካፋ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥታ አተላውን ትደፋለች። ደኗ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስፋቱም ወደ 760 ሺህ ሄክታር ነው። የጫካ ማሯም የታወቀ ነው። ከዚህ የሚበልጥ የንግድ ምልክት ለገላ መታጠቢያ ዕቃ ከየት ይመጣል? ነገር ግን አተላ እርጥብ ሆኖ ከታሸገ በካፋ አየር ፈጥኖ ይሻግታል። በደንብ መድረቅ፣ አንድ ዓይነት ልቀት መያዝ፣ መመርመርና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበት መውጣት አለበት። ሸካራ ፍሬ ለክርንና ለተረከዝ እንጂ ብጉር ላለበት ፊት እንደማይሆንም በማሸጊያው ላይ መነገር ይኖርበታል። "ያነጣል፣ ማዲያት ይነቅላል" ብሎ መጻፍ ግን ገና ያልተወለደውን ስም መግደል ነው። የካፋን ስም በቡና ያስከበረው ደረጃው ነው፤ በቅባትም የሚያስከብረው ያው ነው።

መጪው ጥር ሲቃረብ ሳሎኖቹ ይሞላሉ፤ የቡናው ብርም ይመነዘራል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። የቦንጋ ነጋዴ ለጆንያው የሚያነሳትን ያቺን አጭር ጥያቄ፣ "እስቲ ናሙናውን አምጣው" የምትለውን፣ ሳሎኑም በር ላይ ቢያነሳት የሚያጣው ጥቂት ደቂቃ ነው። የተበላሸ ቡና በሌላ ጭነት ይካሳል። የተበላሸ ፊት ግን መካሻ ገበያ የለውም።